አፍ ሌላ፣ ድምፅ ሌላ

ነገሌ ቦረና የሄድኩት ሂስ የሚጻፍበት ነገር ፍለጋ አልነበረም። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ፣ ጉዳዬ ባሰብኩት ቀን ሲያልቅ የመመለሻ መኪና እስከ ማግስቱ የለም ተባልኩና የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ ዘንድ አመሸሁ። እንደ አገሩ ወግ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀረበ። ቡናው እየዞረ ሳለ አባወራው «የልጃችንን ሠርግ አላየህማ!» አሉና ቴሌቪዥኑ ላይ ፍላሽ ሰኩ። የማያውቁትን ሰው ሠርግ በቪዲዮ ማየት ምን ያህል እንደሚያዛጋ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እኔም እንግዳ ነኝና በጨዋ ደንብ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ ለማዛጋት ተዘጋጀሁ።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ሙሽራው ሲመጣ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ የመኪናው ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም በየቦታው ነው። ቀራጩ ካሜራውን አንድ ጥግ አቁሞ፣ ሥነ ሥርዓቱን ሳይቆርጥ እንዳለ አስገብቶታል። ሃያ ደቂቃ አለፍ ሲል ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ኮረኮረኝ። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ምርቃቱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ገሃድ ወጣ።

የቦረናን ምርቃት ያየ ያውቀዋል። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ታዳሚው «ሀዬ» ብሎ ይቀበላል። አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ያነሣል። በዚህ ቪዲዮ ላይ ግን ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው የሕዝቡ «ሀዬ» ነው። ሕዝቡ አፉን ሲከፍት የሚሰማው የሽማግሌው ምርቃት ነው። መራቂው ተመራቂ፣ ተመራቂው መራቂ ሆነው ቁጭ።

እውነቱን ልናገር፣ ሳቄ መጥቶ ነበር። ልስቅ ስል ግን ከአባወራው ጎን ወደተቀመጡት አሮጊት ዓይኔ ሄደ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንቅልፍ ወስዷቸው መሰለኝና «እማማ ደከማቸው» አልኩ።

«አልተኛችም» አሉ አባወራው። «እናቴ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ስትደርስ እንዲህ ነው የምታየው። የሚመርቀው አባቴ ነው፤ አምና ዐረፈ። ድምፁ የእሱ ነው፣ አፉ ግን የእሱ አይደለም ትላለች። ስለዚህ ትጨፍናለች።»

ሳቄ ጠፋ። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ጭፍን ዓይን ነው።

*

ሂስ እንጽፋለን የምንል ሰዎች ስለ ፊልም ስናወራ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ፣ ስለ ትወናው፣ አንዳንዴም ስለ ሙዚቃው እናወራለን። ድምፁ ከምስሉ ጋር ገጥሟል ወይ ብለን አንጠይቅም። ይህ የባለሙያ እጅ ጉዳይ እንጂ የጥበብ ጉዳይ አይደለም ብለን ትተነዋል። የሠርግ ቪዲዮማ ጨርሶ የሂስ ወግ ደርሶት አያውቅም። ታዲያ በነገሌም ሆነ በሻኪሶ፣ በያቤሎም ሆነ በሞያሌ፣ ሕዝቡ ስለራሱ በብዛት የሚያየው የትኛውን ፊልም ነው? አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የሚታየውን ነው? አይደለም። የራሱን ሠርግ፣ የራሱን ልቅሶ፣ የራሱን በዓል ነው። ብዙ ተመልካች ያለውን፣ ደጋግሞ የሚታየውን፣ በየቤቱ እንደ ርስት የሚቀመጠውን የፊልም ዓይነት ሳንመረምር ኖረናል ማለት ነው።

ነገሌ በታሪክ የምትነሣው በድምፅ ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር በዚያ የሰፈረው ጦር ስለ ምግቡና ስለሚጠጣው ውሃ አቤት ብሎ ሰሚ ሲያጣ አመፀ። ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ የሚጠጣውን አጠጣቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ሲተረክ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ወታደሩ ሲናገር አፉን ያዩ ነበሩ፤ ድምፁ ግን አዲስ አበባ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ይህን ያነሣሁት ለማመሳሰል ብቻ አይደለም። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለች፣ ከመናገሻው ርቃ የምትኖር ከተማ ራስዋ ስለራስዋ የምትቀርጸው ምስል ቁም ነገር ነው ለማለት ነው። ቁም ነገር ከሆነ ደግሞ ይተቻል።

*

ለመሆኑ አፍና ድምፅ እንዴት ይለያያሉ? አንባቢዬ ቴክኒክ አይወድ ይሆናል፤ ጥቂት ይታገሰኝ። በሽታውን ሳያውቁ በሽተኛውን መውቀስ አይገባምና።

ድምፅና ምስል ከመጀመሪያውም ለየብቻ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲታይ ምስሉ በፊልም ጥቅል ላይ፣ ድምፁ ደግሞ በሸክላ ላይ ነበር። መርፌዋ ብትዘል ተዋናዩ አፍ ሌላ፣ ድምፅ ሌላ ይሆናል። ኋላ ድምፁ እዚያው ፊልሙ ጠርዝ ላይ ታተመና ሁለቱ ተጋቡ። የእኛ ሰው ሠርጉን በቪኤችኤስ ካሴት ያስቀርጽ በነበረበት ዘመንም ድምፅና ምስል በአንድ ክር ላይ አብረው ይሄዱ ነበር። ያ ካሴት ይደበዝዛል፣ ይሻግታል፣ በማጫወቻው ተበልቶ ይቀራል፤ አፍና ድምፅ ግን እምብዛም አይፋቱበትም። ፍቺው በስፋት የመጣው ኮምፒዩተር ሲመጣ ነው።

በኮምፒዩተር ዓለም ምስልና ድምፅ በሁለት ሰዓት የሚመሩ ሁለት መንገደኞች ናቸው። ምስሉ በሴኮንድ ይህን ያህል ፍሬም ተብሎ ይቆጠራል፤ ድምፁ በሴኮንድ ይህን ያህል ሺህ ናሙና ተብሎ ይቆጠራል። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ልማዱ በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው፤ ከመብራታችን 50 ኸርዝ ጋር የተያያዘ ውርስ ነው። አሜሪካኖች 30 ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ባለቀለም ቴሌቪዥናቸውን ሲያጸድቁ ለቀለሙ ቦታ ለመስጠት ወደ 29.97 ዝቅ አደረጉት። ዛሬ በአንድ ሠርግ ላይ ከየአገሩ ልማድ የመጡ ካሜራዎችና ስልኮች ተሰብስበው ይቀርጻሉ።

29.97 የሆነውን ቀረጻ 30 ነው ብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚነግር ሰው ምን ያጠፋል? ልዩነቱ ከሺህ አንድ ነው፤ ኢምንት ነው። ግን እናስላው። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ 1,500 ሴኮንድ አለ። የ1,500 አንድ ሺህኛው አንድ ሴኮንድ ተኩል ነው። ምስሉ በዚያ መጠን ቀድሞ ይሮጣል፤ ድምፁ በራሱ እርምጃ እየተራመደ ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ሴኮንድ ተኩል ደግሞ ከአንድ የምርቃት ሐረግ እስከ አንድ «ሀዬ» ያለው ርቀት ነው። ሽማግሌው በሕዝቡ ድምፅ፣ ሕዝቡ በሽማግሌው ድምፅ የተናገሩት በዚህ ስሌት ነው። ሰዓቱ ሙሉ ቢሆን ልዩነቱ ሦስት ሴኮንድ ከስድስት ዐሥረኛ ይደርስ ነበር።

የስልክ ቀረጻ ደግሞ የባሰ ጠባይ አለው። ስልክ በሴኮንድ 30 ፍሬም እቀርጻለሁ ይላል እንጂ ቃሉን አይጠብቅም። ብርሃን ሲያንሰው፣ ሲግል፣ ሥራ ሲበዛበት ይቀንሳል፤ ሲመቸው መልሶ ይጨምራል። የማቀናበሪያው ፕሮግራም ግን እኩል የተራመደ እየመሰለው ይቀጥላል። ውጤቱ አንዴ የሚቀድም አንዴ የሚዘገይ፣ መላ የሌለው መንገደኛ ነው።

ሌላም አለ። አቅም የሌለው ኮምፒዩተር በቅንብር ጊዜ ምስሉን እየጎተተ ያሳያል። ቀናባሪው በዓይኑ እያየ ድምፁን ከተጎተተው ምስል ጋር ያስማማል። ከዚያ ሬንደር ያደርገዋል፤ ማለትም ኮምፒዩተሩ የተቆራረጠውን ሁሉ አብስሎ አንድ ወጥ ፋይል አድርጎ ያወጣል። ሲወጣ ምስሉ መጎተቱን ትቶ በትክክለኛ ቦታው ይገኛል፤ ድምፁ ግን በስህተት ተገፍቶ እንደቀረ ይጋገራል። ሬንደር ስህተት አይፈጥርም። የተደበቀውን ስህተት ያጸናዋል እንጂ።

*

ይህን የመጨረሻውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ራሴ ሠርቼዋለሁ።

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ የሚባል ቦታ አለ። ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ቱላ ይሏቸዋል። ወጣቶች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው ቆመው፣ ውሃ የሞላውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያሳልፋሉ፤ ባዶውን ወደ ታች ይመልሳሉ። ላይ ያለው ሰው ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ ውስጥ ይገለብጠዋል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት እየዘፈኑ ነው። ጎብኚ ሁሉ «ዘፋኙ ጉድጓድ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለዚህ ነገር ዐሥራ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ቀረጽኩ። ድምፁን ለብቻ በመቅጃ ቀዳሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ በደካማ ኮምፒዩተር አቀናበርኩት። ምስሉ የዘገየ መሰለኝና ድምፁን አዘገየሁት። የሴኮንድ ሲሶ ቢሆን ነው። ሬንደር አደረግሁ፣ የመጀመሪያዋን ደቂቃ አየሁ፣ ጥሩ ነው አልኩ። መቼስ የራስን ልጅ ማን አስቀያሚ ይላል!

ያቤሎ ተመልሼ ለጥቂት ሰዎች አሳየሁ። ሲያልቅ ሁሉም በጨዋነት አመሰገኑ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ዝም አሉ። ምን ይላሉ ብዬ በአስተርጓሚ አስጠየቅኳቸው።

«በዚህ ዘፈን ውሃ አይወጣም፤ ይደፋል» አሉ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ማታ ፊልሙን ደግሜ ሳየው ገባኝ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዘፈን ማጀቢያ አይደለም። ዘፈኑ ሰዓት ነው። የታችኛው ሰው ዕቃውን የሚለቅበት፣ የላይኛው ሰው የሚቀበልበት ቅጽበት በዜማው የተወሰነ ነው። ሁለቱም እጃቸውን እያዩ አይደለም የሚሠሩት፤ እየሰሙ ነው። በእኔ ፊልም ላይ ግን ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ካለፈ በኋላ ነበር ምቱ የሚወድቀው። የሴኮንድ ሲሶ ለእኔ ምንም ነው። እዚያ መሰላል ላይ ለቆመ ሰው የአንድ ዕቃ ውሃ ነው፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ የአንድ ጥጃ ነፍስ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቦረና ጉድጓዶች የተሠሩ ቪዲዮዎችን በሌላ ዓይን ነው የማያቸው። አብዛኞቹ የቴክኒክ ስህተት የለባቸውም፤ ከኔ የተሻለ ኮምፒዩተር አላቸው። ግን ዘፈኑን ከአንድ ቦታ ይወስዱና ባሻቸው ምስል ላይ ይደርቡታል። ዜማው ይሰማል፤ የሚታየው የሴቶች ጌጥ ነው፣ የግመል ጥላ ነው፣ የምትጠልቅ ፀሐይ ነው። ውሃ የሚያወጣው ዘፈን የቱሪስት ማጀቢያ ይሆናል። የኔ ስህተት የሴኮንድ ሲሶ ነበረ፤ የነሱ ስህተት ሙሉ ነው። የሽማግሌው ፍርድ ለነሱም ይሠራል ባይ ነኝ፦ በዚህ ዘፈን ውሃ አይወጣም።

*

«ታዲያ ምን አለበት? ሰው ይለምደዋል» የሚለኝ አለ። ማስረጃም ያቀርባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የቱርክ ተዋንያንን በአማርኛ አናገራቸው። አፋቸው ቱርክኛ፣ ድምፃቸው አማርኛ ነው። ስንቱ ቤተሰብ ራቱን እያስቀዘቀዘ ተከታተለው! አፍና ድምፅ አለመግጠሙ ማንን አስቀየመ?

ክርክሩ ደህና ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ትርጉም የሚሠሩ ሰዎች ልፋታቸው ግማሹ እዚሁ ላይ ነው። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ጀምረው ሲገጥም ለመጨረስ ዐረፍተ ነገሩን ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ። ቃሉ ባይገጥም ጊዜው ይገጥማል። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ ውሉን ያውቃል። ቱርካዊቷ አማርኛ እንደማትናገር እያወቀ ተስማምቶ ነው የሚያየው። የሠርግ ቪዲዮ ግን ልብ ወለድ አይደለም፤ ምስክር ነው። «አባትህ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ እንዲህ ብሎ መረቀህ» የሚል ምስክር። ምስክር ደግሞ ቃሉና ሁኔታው ካልገጠመ አይታመንም።

ዓይንና ጆሮ እንደምናስበው የተለያዩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሃሪ መጉርክና ጆን ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ የታወቀ ነገር አሳዩ። «ጋ» የሚል አፍ ላይ «ባ» የሚል ድምፅ ሲደረብ፣ ብዙ ሰው የሚሰማው «ዳ» ነው። ማንም ያልተናገረውን ማለት ነው። ድምፅን በጆሮ ብቻ አንሰማውም፤ በዓይንም እንሰማዋለን። እንግዲያው እማማ ዓይናቸውን መጨፈናቸው የባልቴት ጠባይ አልነበረም። ባላቸውን በትክክል ለመስማት የቀራቸው አንድ መንገድ እሱ ነበር።

መቻቻላችንም ልክ አለው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ መሠረት ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሴኮንድ ከቀደመ ተመልካች ያውቅበታል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊ ሴኮንድ ድረስ ልብ ላይለው ይችላል። ሚሊ ሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ሺህኛ ነው። መቅደምን የምንጠላው መዘግየትን የምንችለው ለምንድን ነው? የቆላ ሰው መልሱን ያውቃል። ሜዳው ማዶ አንድ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጀመሪያ መጥረቢያው ሲወርድ ይታያል፤ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። መብረቅ ይታያል፣ ነጎድጓድ ይከተላል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ስለዚህ ከ34 ሜትር ርቀት የሚናገር ሰው የሴኮንድ ዐሥረኛ ዘግይቶ ይሰማናል። ተፈጥሮ መዘግየትን አስለምዶናል። ከምስል የሚቀድም ድምፅ ግን በፍጥረት የለም።

*

አሁን ወደ ፍርዱ ልምጣ። ጥፋተኛው ማነው?

በየከተማው ያሉትን ቪዲዮ ቤቶች መስደብ ቀላል ነው። አላደርገውም። አንድ ኮምፒዩተር ያለው፣ መብራት በሄደ ቁጥር የጀመረውን ሬንደር እንደገና የሚጀምር፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ቀርጾ በሳምንቱ እንዲያስረክብ የሚጠበቅበት፣ ሥራውን ከጓደኛው አይቶ የተማረ ወጣት ነው። አበባ እየበረረ ስም የሚጽፍበትን፣ ሙሽራዋን በልብ ቅርጽ ውስጥ የሚያስገባበትን ጥበብ ተክኖበታል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ለዚያ ነውና። ለአፍና ለድምፅ መግጠም የከፈለ ደንበኛ የለም። ጥፋቱ የጋራ ነው። ያልጠየቀ ደንበኛ፣ ያላስተማረ ትምህርት ቤት፣ ያልተቸ ሐያሲ አሉበት።

ሆኖም ድህነት ሁሉን አያስተሠርይም። ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ቀረጻ ሲጀመር በካሜራው ፊት አንዴ ማጨብጨብ፣ ሲያልቅም አንዴ ማጨብጨብ፤ ፊልም ሠሪዎች ባለ ማጠፊያዋን የእንጨት ሰሌዳ የሚያጋጩት ለዚሁ ነው። የስልክ ቀረጻን ከማቀናበር በፊት በሴኮንድ እኩል ፍሬም ወዳለው ፋይል መቀየር፤ ይህን የሚሠራ እንደ ሃንድብሬክ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል። የፕሮግራሙን የፍሬም ቁጥር ከቀረጻው ጋር ማስማማት፤ ድምፁንም በቪዲዮው ልማድ በሴኮንድ 48,000 ናሙና ማድረግ። ከሁሉ በላይ፣ ሬንደር ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሳይሆን የመጨረሻዋን ማየት። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁልጊዜ ትዋሻለች። እኔንም የዋሸችኝ እሷ ናት።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ዋናው ቀረጻ አይቀመጥም። ካርዱ ለሌላ ሠርግ ይፈለጋልና ይደመሰሳል። የነገሌው ቤተሰብም ቪዲዮ ቤቱን ጠይቀው ያገኙት መልስ ይኸው ነበር። ስህተቱ የሚታረምበት ምንጭ ሲደርቅ ስህተቱ ታሪክ ይሆናል። ቢያንስ ዋናውን ቀረጻ ለቤተሰቡ ማስረከብ ከዕቃው ዋጋ ጋር መቆጠር አለበት። ይህን ደንበኛው ይጠይቅ፤ ከአበባውና ከልቡ ቅርጽ በፊት ይጠይቅ።

*

የዚያን ምሽት አባወራው «አንተ የፕሬስ ሰው ነህ፣ ይሄ ነገር አይስተካከልም?» አሉኝ። የፕሬስ ሰው ሁሉን ያውቃል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ዛሬም መኖራቸው ደስ ይላል።

መጀመሪያ ስፒከሩን ጠረጠርኩ። ያለ ሽቦ በብሉቱዝ የሚሠራ ነበረ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ብቻውን ድምፅ ያዘገያል። ነገር ግን የስፒከር መዘግየት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው፤ ይህ ግን መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ እያደር የከፋ ነው። እያደር የሚከፋ ስህተት የፍሬም ቁጥር ስህተት ነው። ላፕቶፕ ይዤ ስለነበር የምርቃቱን አራት ደቂቃ ለይቼ ቆረጥኩ፤ ድምፁን አንድ ሴኮንድ ተኩል አስቀደምኩ። መሐሉን አየሁት፤ ገጥሟል። ላፕቶፑን ወደ እማማ አዞርኩ።

ዓይናቸውን ከፍተው አዩ። ጥቂት እንደሄደ ራሳቸውን ነቀነቁና በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጃቸው ተረጎሙልኝ፦

«እሱ ቶሎ አይናገርም ነበር። እጁን ሳያነሣ አይናገርም፤ አሁን ድምፁ ቀደመ ትላለች።»

እኔ ምንም አልታየኝም ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ልዩነቱ እያደር የሚያድግ ስለሆነ በአራት ደቂቃ ውስጥ ከሩብ ሴኮንድ ጥቂት ያነሰ ይጨምራል። መሐሉን ሳገጥመው መጀመሪያው ላይ ድምፁ በ120 ሚሊ ሴኮንድ ቀድሟል፤ መጨረሻው ላይ በዚያው መጠን ዘግይቷል። እማማ የመዘግየቱን ነገር አላነሡም። መቅደሙን ግን ያዙት። ያ ሁሉ የውሳኔ ሐሳብ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እሳቸው ግን ያወቁት ከሰንጠረዥ ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር ከኖሩበት ዘመን ነው። ሰውዬው እጁን እንዴት እንደሚያነሣ የሚያውቅ ሰው፣ ድምፁ መቼ መውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ድምፁን ከሺህ አንድ አፋጠንኩት፤ ቦታውንም እንደገና አስተካከልኩ። ሬንደር እስኪያልቅ ሌላ ቡና ጠጣን። በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ደቂቃ ቀድሜ አየሁና ለእማማ ሰጠሁ።

ምንም አላሉም። ባላቸው እጃቸውን አነሡ፤ ተናገሩ። ሕዝቡ አፉን ከፈተ። ከሕዝቡ ድምፅ ጋር እኩል፣ ሳይቀድሙ ሳይዘገዩ፣ እማማ «ሀዬ» አሉ።